በቨርጂኒያ ሕግ ስለ ጾታዊ ጥቃት፣ ስለ ማሳደድና ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሌክሳንድሪያ፣ በፌርፋክስና በአርሊንግተን የሚኖሩ ወገኖች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሶቹ ጠቅላላ መረጃ እንጂ የጠበቃ ምክር አይደሉም።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ይህ እኔንም ይመለከተኛል?

በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ወንጀሎችን በአብዛኛው የሚደነግገው እያንዳንዱ ግዛት ለራሱ ነው። የሚወስነውም ድርጊቱ የተፈጸመበት ቦታ እንጂ የመኖሪያ አድራሻ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው አሌክሳንድሪያ ሠርግ ላይ ሚስቱን ቢመታ የሚከሰሰው በቨርጂኒያ ሕግ ነው። አጥቂው ተጎጂውን እንዳይጎዳና እንዳይቀርብ ፍርድ ቤት የሚያወጣው የጥበቃ ትዕዛዝ ግን ድንበር ይሻገራል፤ ፌርፋክስ የወጣ ትዕዛዝ በፌዴራል ሕግ መሠረት ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥም ይከበራል።

ቀላል ወንጀልና ከባድ ወንጀል ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሚስዲሚነር የሚባለው ቀላል ወንጀል በከፍተኛው ደረጃው እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስቀጣል። ፌሎኒ የሚባለው ከባድ ወንጀል ቅጣቱ በዓመታት የሚቆጠር ነው። «ቀላል» የሚለው ስም ማንንም አያዘናጋ፤ አንድ ዓመት መታሰር ቀላል አይደለም፣ በመኖሪያ ፈቃድ ላይ የሚያመጣው መዘዝ ደግሞ ከእስሩ ሊብስ ይችላል።

«የቤተሰብ ጥቃት» በሕጉ ምን ማለት ነው?

አንቀጽ 16.1-228 የቤተሰብ ጥቃት የሚለው ኃይል፣ ጉልበት ወይም ዛቻ ያለበትን ድርጊት ነው፤ ድርጊቱ በቤተሰብ አባል ላይ የአካል ጉዳት ያደረሰ፣ ወይም ሞት፣ ጾታዊ ጥቃት ወይም ጉዳት ይደርስብኛል ብሎ በበቂ ምክንያት እንዲፈራ ያደረገ መሆን አለበት። ደም መፍሰስ የለበትም። በር ቆልፎ በጉልበት አላስወጣም ማለት፣ ቢላዋ አንሥቶ «ዛሬ አልለቅሽም» ማለት በዚህ ትርጉም ውስጥ ይገባል።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ይህ ትርጉም በዋነኛነት የሚያገለግለው የጥበቃ ትዕዛዝ ለማውጣት ነው። የወንጀል ክሱ የሚመሠረተው ደግሞ የቤተሰብ አባልን መምታትን በሚከለክለው በአንቀጽ 18.2-57.2 ነው፤ ለዚህኛው ጉዳት መድረሱ እንኳ ግድ አይደለም፣ በቁጣ መገፍተር ይበቃል። ስለዚህ በአንድ ምሽት ጠብ ሁለት ፋይል ሊከፈት ይችላል። የቀጠሮ ቀናቸው የተለያየ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ወረቀቶች በጥንቃቄ ያንብቡ።

ሕጉ «ቤተሰብ» የሚለው ማንን ነው?

ባልና ሚስት፣ የተፋቱም ቢሆኑ፤ ወላጅና ልጅ፣ እንጀራ አባትና እንጀራ እናት፣ ወንድምና እህት፣ አያትና የልጅ ልጅ። እነዚህ አብረው ባይኖሩም ይቆጠራሉ። ሳይጋቡ ልጅ የወለዱ ሁለት ሰዎችም እንዲሁ። አማት፣ አማች፣ ምራትና ዋርሳ የሚቆጠሩት ግን በአንድ ቤት ሲኖሩ ብቻ ነው። እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ፣ ወይም ባለፉት 12 ወራት ውስጥ አብረው ይኖሩ የነበሩ ሰዎችም ይካተታሉ።

የእኛን ሰው የሚያስገርመው የአጎት ልጅና አጎት ራሱ በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖራቸው ነው። ምድር ቤቱን የተከራየ የአክስት ልጅ ቢመታዎት ወንጀልነቱ አይቀርም፤ የጥበቃ ትዕዛዙን የሚጠይቁት ግን ከቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ሳይሆን ከአጠቃላይ ወረዳ ፍርድ ቤቱ ይሆናል።

ባለቤቴ መትቶኝ አያውቅም፤ ግን ይሰድበኛል፣ ደመወዜንም ይወስዳል። ይህ ጥቃት ነው?

በዕለት ተዕለት አነጋገር አዎ፤ በቨርጂኒያ የቤተሰብ ጥቃት ትርጉም ግን ስድብና ገንዘብ መከልከል ብቻቸውን አይበቁም። ኃይል ወይም ዛቻ መኖር አለበት። ይህን ሳያውቁ ፍርድ ቤት ሄደው ጥያቄያቸው ውድቅ ሲደረግ «ሕግ የለም» ብለው ተስፋ የሚቆርጡ አሉ።

መዝግቦ መያዙ ግን ከንቱ አይደለም። ከዚህ በታች የሚነሣው የኢሚግሬሽን ሕግ «ከፍተኛ ጭካኔ» የሚባለውን፣ ያለ ዱላ የሚፈጸመውን በደልም ይመለከታል። የተላከ መልእክት፣ የባንክ መግለጫና ነገሩን የሰማ ጎረቤት እዚያ ይፈለጋሉ።

አንገቴን ያዘኝ እንጂ አልመታኝም። ምን ይባላል?

ከመምታት የከፋ ይባላል። አውቆ የሌላውን አንገት በመጫን ትንፋሽን ወይም የደም ዝውውርን ማገድ ጉዳት ካስከተለ በአንቀጽ 18.2-51.6 ከባድ ወንጀል ነው፤ እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። የማነቅ ምልክት ብዙ ጊዜ ከውጭ አይታይም። ድምፅ መጎርነን፣ ምራቅ ለመዋጥ መቸገር፣ በዓይን ነጭ ክፍል ላይ ቀያይ ነጥቦች መታየት፣ ራስን መሳት ወይም ሽንት ማምለጥ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል፤ ለሕይወትም፣ ጉዳቱን በማስረጃ ለማስያዝም። ለፖሊስ ሲናገሩም «ተጣላን» ብቻ አይበሉ፤ እጁ የት እንደነበረና መተንፈስ አቅቶዎት እንደሆነ ይናገሩ።

አስገድዶ መድፈር በቨርጂኒያ እንዴት ይተረጎማል?

አንቀጽ 18.2-61 ሦስት መንገዶችን ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ከፈቃድ ውጭ በኃይል፣ በዛቻ ወይም በማስፈራራት የተፈጸመ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው፤ ዛቻው በተጎጂዋ ላይ ብቻ ሳይሆን በሌላ ሰው፣ ለምሳሌ በልጇ ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የሰውን የአእምሮ አቅም ማጣት ወይም ራስን ስቶ አካልን ማዘዝ አለመቻልን መጠቀም ነው። ሦስተኛው ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ጋር የሚደረግ ነው። ቅጣቱ ከ5 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። በሌላ የአካል ክፍል ወይም በዕቃ የሚፈጸሙት ድርጊቶች በተለያዩ አንቀጾች ቢቀመጡም የቅጣት ጣሪያቸው ያው ነው። ተጎጂው ወንድ ሊሆን ይችላል።

«ለምን አልጮኸችም? ለምን አልታገለችም?» የሚለው ጥያቄ በየቡና ጠረጴዛው ይነሣል። ሕጉ ግን መልሶታል፤ ዐቃቤ ሕግ ተጎጂዋ መጮኋን ወይም በአካል መታገሏን ማስረዳት አይጠበቅበትም።

ባልና ሚስት መካከልስ?

የቨርጂኒያው አንቀጽ «የትዳር ጓደኛ ቢሆንም ባይሆንም» ብሎ በግልጽ ጽፎታል። ጥያቄው የሚበዛው የ1996 ዓ.ም የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸም ግንኙነት ስለወሰነው ይመስለኛል። ያንን ይዞ የመጣ ሰው እዚህ አይጠቅመውም፤ «ሚስቴ ናት» መከላከያ አይሆንም።

ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ፈቅዳ ቢሆንስ?

ከ13 ዓመት በታች ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፤ አድራጊው 18 ዓመት የሞላውና ክሱም ይህንኑ የጠቀሰ ከሆነ ቅጣቱ አስገዳጅ ዕድሜ ልክ ነው። ከ13 እስከ 14 ዓመት ካለች ልጅ ጋር አዋቂ ሰው የሚያደርገው ግንኙነት ያለ ኃይልም ቢሆን ከ2 እስከ 10 ዓመት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ነው። ከ15 እስከ 17 ዓመት ካለች ጋር ደግሞ ቀላል ወንጀል ይሆናል። «አገር ቤት እኮ በዚህ ዕድሜ ይዳራሉ» የሚለውም መውጫ አይሆንም፤ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ ያለ ምንም ልዩነት 18 አድርጋለች።

ያለ ፈቃድ መነካካትስ?

የፆታ ብልትን፣ ጡትን፣ መቀመጫን ወይም ብሽሽትን ለፆታዊ ስሜት ብሎ ከፈቃድ ውጭ በኃይል፣ በዛቻ፣ በማስፈራራት ወይም በማታለል መንካት እስከ 12 ወር ያስቀጣል። ለምሳሌ ተጎጂው ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ድርጊቱ ወደ ከባድ ወንጀል ያድጋል። ሥራ ቦታ ለሚገጥማቸው የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ፦ በሁለት ዓመት ውስጥ አንዱን ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ወይም ከአንድ ሰው በላይ የነካ ከሆነ፣ ያለ ፈቃድ መሆኑ ብቻ ይበቃል፤ ኃይል ወይም ዛቻ ማስረዳት አያስፈልግም። የተፈጸመበትን ቀንና ሰዓት መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ማሳደድ ወንጀል የሚሆነው መቼ ነው?

አንቀጽ 18.2-60.3 ድርጊቱ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲሆን ይጠይቃል። አድራጊው ሌላውን ሰው ሞት፣ ጾታዊ ጥቃት ወይም የአካል ጉዳት ይደርስብኛል፣ ወይም በቤተሰቤ ላይ ይደርሳል ብሎ እንዲፈራ ለማድረግ ያሰበ፣ ወይም እንደሚያስፈራው ያወቀ ወይም ማወቅ የነበረበት መሆን አለበት። እያንዳንዱ ድርጊት ለብቻው ምንም ላይመስል ይችላል፤ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያው ውስጥ መቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መጠበቅ፣ በየጊዜው በአዲስ ቁጥር መደወል። የሚታየው ድምሩ ነው።

«አትደውልልኝ፣ አትከተለኝ» ብሎ አንድ ጊዜ በግልጽ መንገር ትልቅ ዋጋ አለው። ከዚያ በኋላ ከደወለ ወይም ከተከተለ ሕጉ ራሱ ማስፈራራቱን እንደሚያውቅ ለማሳየት እንደ መነሻ ማስረጃ ይቆጥረዋል። በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ አጭርና ያለ ስድብ። በአምስት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የተፈረደበት ሰው ወንጀሉ ወደ ከባድ ያድግበታል።

በስልክና በኢንተርኔት የሚደረገውስ?

ለመግደል ወይም ለመጉዳት በጽሑፍ መዛት፣ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ቢሆንም፣ ለብቻው ከባድ ወንጀል ነው። በሰው መኪና ላይ ሳያስፈቅዱ መከታተያ መሣሪያ ማስቀመጥ ወንጀል ነው። የሰውን ራቁት ምስል ለማስገደድ፣ ለማዋከብ ወይም ለማስፈራራት ብሎ ያለ ፈቃድ ማሰራጨትም ወንጀል ነው፤ ምስሉን ራሷ በፈቃዷ ልካለት የነበረ ቢሆን እንኳ።

ፖሊስ የጠራሁት እንዲያረጋጋው ነበር፤ ለምን አሰረው?

የቨርጂኒያ ሕግ ለፖሊሱ ብዙ ምርጫ አይተውለትም። የቤተሰብ አባል መመታቱን የሚያሳምን በቂ ምክንያት ካገኘ፣ ልዩ ሁኔታ ከሌለ በስተቀር ዋነኛውን አጥቂ ማሰር አለበት። «መክሬው ልሂድ» የሚባል ነገር የለም። እንግሊዝኛ የሚችለው ባል ብቻ ሆኖ ሚስት የታሰረችበት ታሪክ በየጊዜው ይሰማል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው «አማርኛ» ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ይገባል። ልጅን ማስተርጎም ደግሞ ሁለት ጊዜ መበደል ነው።

የጥበቃ ትዕዛዝ እንዴት ይወጣል?

ሦስት ደረጃ አለው። የአስቸኳይ ጊዜውን ሌሊትም የሚሠራው፣ ማጂስትሬት የሚባለው የፍርድ ሹም ይሰጣል፤ በመደበኛው እስከ ሦስተኛው ቀን ማብቂያ ይጸናል፣ ፍርድ ቤት ዝግ ከሆነም እስከሚከፈትበት ቀን ይራዘማል። ጊዜያዊውን ዳኛ የሚሰጠው ሲሆን ሙሉ ችሎቱ በ15 ቀን ውስጥ ይቀጠራል። ሙሉው ትዕዛዝ በመደበኛው እስከ 2 ዓመት ይቆያል፣ ሊታደስም ይችላል። የቤተሰብ ከሆነ ጉዳዩን የሚያየው የወጣቶችና የቤተሰብ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ነው። ለማመልከት ክፍያ የለም፣ የመኖሪያ ፈቃድም አይጠየቅም።

ትዕዛዙ ግንኙነትን ከመከልከል አልፎ በቤቱ ማን እንደሚቆይ፣ ልጆቹ ለጊዜው ከማን ጋር እንደሚሆኑ፣ የቤት እንስሳው ሳይቀር ለማን እንደሚሰጥ ሊወስን ይችላል። ሙሉ ትዕዛዝ የወጣበት ሰው መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም፤ መሣሪያ ታጥቆ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደር ሰው ይህን ከሥራው ጋር አያይዞ ማሰብ አለበት።

ትዕዛዝ ወጥቶብኛል፤ ሽማግሌ ልልክባት እችላለሁ?

አይላኩ። ትዕዛዙ ማንኛውንም ዓይነት ግንኙነት የሚከለክል ከሆነ በሌላ ሰው በኩል የሚደርስ መልእክትም እንደ ግንኙነት ሊቆጠር ይችላል። ሦስት የተከበሩ አባቶች በቅን ልቦና ቤቷ ድረስ ሄደው «ለልጆቹ ስትዪ» ሲሉ፣ የላካቸው ሰው እስከ 12 ወር በሚያስቀጣ አዲስ ወንጀል ሊከሰስ ይችላል። ሽማግሌዎቹም የፍርድ ቤት ምስክር ሆነው ሊጠሩ ይችላሉ። በእኛ ዘንድ ዝም ማለት ንቀት፣ ሽማግሌ መላክ ክብር ነው፤ ትዕዛዙ ባለበት ጊዜ ግን የተሻለው ዝምታ ነው።

እርሷ ራሷ ብትደውልስ? ትዕዛዙ የሚያስረው እርስዎን እንጂ እርሷን አይደለም። አንሥተው ካናገሩ የጣሱት እርስዎ ነዎት። ትዕዛዙን የሚያነሣው ዳኛ ብቻ ነው፤ እርሷ ከፈለገች ለፍርድ ቤቱ ታመለክታለች።

ታርቀናል፤ ክሱን ላነሣ እችላለሁ?

አይችሉም፤ ክሱ የእርስዎ አይደለም። በወረቀቱ ላይ ከሳሽ ተብላ የተጻፈችው ቨርጂኒያ ናት፣ የሚወስነውም ዐቃቤ ሕግ ነው። ተጎጂ «አልፈልግም» ስላለች ብቻ የሚቋረጥ የለም፤ የ911 ቅጂ፣ የፖሊሱ ካሜራና ፎቶ ካለ ያለ እርሷ ፈቃድም ሊቀጥል ይችላል። ባልና ሚስት አንዱ በሌላው ላይ እንዲመሰክር አይገደድም የሚባለውም አንዱ በሌላው ላይ በፈጸመው ወንጀል አይሠራም።

የሚገርመው ቨርጂኒያ ዕርቅን የሚያውቅ ሕግ አላት። በአንቀጽ 19.2-151 መሠረት ሁለት ጎረቤታሞች ተደባድበው ቢታረቁና ተበዳዩ ካሳዬን አግኝቻለሁ ብሎ በጽሑፍ ቢያረጋግጥ ዳኛው ቀላሉን ወንጀል ሊዘጋው ይችላል። ያው አንቀጽ ግን በቤተሰብ አባል ላይ የተፈጸመን መምታት በስም ጠቅሶ ከዚህ አውጥቶታል። ዕርቅ ይበልጥ ያስፈልጋል ብለን የምናስበው ቦታ ላይ ሕጉ በሩን የዘጋው ሳያውቅ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሚደረግ «ይቅርታ» ከግፊት ነጻ መሆኑን ማንም ሊያረጋግጥ ስለማይችል ይመስለኛል፣ ትክክል ነው ብዬም አምናለሁ።

ነገሩ ከተፈጸመ ዓመታት አልፈዋል። ረፍዷል?

በቨርጂኒያ ከባድ ወንጀል ይርጋ የለውም፤ ከ15 ዓመት በፊት የተፈጸመ መደፈር ዛሬ ሊከሰስበት ይችላል። ቀላል ወንጀል ግን በመደበኛው በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል። በቅርቡ የደረሰ ከሆነ ሆስፒታል የሚደረገው የማስረጃ ምርመራ ለተጎጂ በነጻ ነው፤ ለፖሊስ ለማመልከት ሳይወስኑም ማስደረግ ይቻላል።

ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ለፖሊስ ይናገራሉ?

የአዋቂን ጉዳይ እንዲያመለክቱ ሕጉ አያስገድዳቸውም። በሕፃን ላይ የሚፈጸም በደል ግን የተለየ ነው። መምህራን፣ ሐኪሞችና የሕፃናት መዋያ ሠራተኞች ጥርጣሬ ሲያድርባቸው ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ የማመልከት ግዴታ አለባቸው፤ የሃይማኖት አባቶችም ተጨምረዋል። በሃይማኖቱ ሥርዓት ምስጢርነቱ መጠበቅ ያለበት፣ እንደ ኑዛዜ ያለው፣ ከግዴታው ውጭ ነው።

ሲዝትብኝ ድምፁን መቅዳት እችላለሁ?

ቨርጂኒያ ውስጥ የንግግሩ ተካፋይ ከሆኑ አዎ። ሜሪላንድ ግን የሁሉንም ተነጋጋሪዎች ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ስለዚህ እርስዎ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው ወይም እርሱ እዚያ ሆኖ በስልክ የሚደረገውን ከመቅዳት በፊት ጠበቃ ይጠይቁ። እርስዎ በሌሉበት የሌሎችን ንግግር የሚቀዳ መሣሪያ ደብቆ መተው በቨርጂኒያም ከባድ ወንጀል ነው።

«ለኢሚግሬሽን ደውዬ አስባርርሻለሁ» ይለኛል። ምን ላድርግ?

በዚህ ዛቻ ወይም ፓስፖርት በመደበቅ ገንዘብ ወይም ንብረት የሚቀበል ሰው በአንቀጽ 18.2-59 ከባድ ወንጀል ይፈጽማል። ከዚያ በላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ባልዎ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ በደሉን አስረድተው ለራስዎ ማመልከት ይችላሉ፤ እርሱ አይፈርምም፣ እንዲያውቅም አይደረግም። ወንድ ተበዳይም እንዲሁ ማመልከት ይችላል። በዳዩ ወረቀት የሌለው ከሆነ ለፖሊስ የተባበረ ተጎጂ የሚጠይቀው ዩ ቪዛ አለ፤ በዓመት ለ10,000 ዋና አመልካቾች ብቻ ስለሚሰጥ ወረፋው ረጅም ነው። ብሔራዊው የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር 1-800-799-7233 በአስተርጓሚ ያነጋግራል፤ ስልክዎን የሚፈትሽ ሰው ካለ ከሌላ ሰው ስልክ ይደውሉ።

ተከሳሹ እኔ ነኝ፤ ግሪን ካርድ አለኝ። «ጥፋተኛ ነኝ በልና ኮርስ ወስደህ ይሰረዝልሃል» ተባልኩ። ልቀበል?

የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሳያማክሩ አይቀበሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተከሰሰ ሰው ዳኛው ፍርዱን አቆይቶ፣ ምክርና ትምህርት አስወስዶ በመጨረሻ ጉዳዩን ሊዘጋው ይችላል፤ ይህ በአንቀጽ 18.2-57.3 ያለ አሠራር ነው። ለግዛቱ ፍርድ ቤት ክሱ ተዘጋ ማለት ነው። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ጥፋተኝነትን የሚተረጉመው በራሱ መንገድ ነው፦ ሰውየው ካመነ ወይም ለጥፋተኝነት የሚበቃ ፍሬ ነገር ከተገኘበትና ዳኛው በነጻነቱ ላይ ማንኛውንም ገደብ ካደረገ፣ በኋላ ቢዘጋም ባይዘጋም እንደተፈረደበት ይቆጥረዋል።

በቤት ውስጥ ጥቃት፣ በማሳደድና በሕፃን ላይ በሚፈጸም በደል መፈረድ፣ እንዲሁም የጥበቃ ትዕዛዝን መጣስ ከአገር ለመባረር ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉ ተብለው በፌዴራል ሕግ ተዘርዝረዋል፤ ግሪን ካርድ ያለውንም ይመለከታሉ። የተጻፈው አንቀጽ ቁጥርና የቃላቱ አቀማመጥ ልዩነት ያመጣል፤ ለዚህም ነው ድርድሩ ከመፈረም በፊት መደረግ ያለበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በሰጠው ውሳኔ የወንጀል ጠበቃ፣ መንግሥት የመደበው ቢሆንም፣ የጥፋተኝነት ቃል የሚያስከትለውን የመባረር አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት። ችሎት ከመግባትዎ በፊት በአስተርጓሚ በኩል «ይህ ወረቀቴን ምን ያደርገዋል?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱን በጽሑፍ ቢሰጥዎት ይሻላል።